ከፋሲካ በፊት ያጣናቸው ነርስ ዲንቄ ሙለታ

ጎባ፣ መጋቢት 23 ቀን 1954 ዓ.ም.

የጎባ የእህልና የቅቤ ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር፣ የጎባንና የሮቤን ሕሙማን ሲረዱ የኖሩት ነርስ ዲንቄ ሙለታ ባደረባቸው የተስቦ በሽታ መጋቢት 19 ቀን ማረፋቸውን ለአባላቱና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው።

ነርስ ዲንቄ ሮቤ ተወልደው፣ ሙያቸውን አዲስ አበባ ተምረው በ1948 ዓ.ም. ወደ ጎባ መጡ። የዘወትር ሥራቸው ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነበር። እኛ ይበልጥ የምናስታውሳቸው ግን እህል እንቢ ላሉ ልጃገረዶች ባደረጉት ነው።

በ1950 ዓ.ም. አንዲት ልጅ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ጀምራ ምግብ ትሸሽ ነበር። ሰው ሁሉ ጾመኛነቷን አደነቀ። ፋሲካ ሲደርስ ቤተሰቧ በደስታ ሥጋና ቅቤ አበሏት፤ ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ነርስ ዲንቄ ልጅቱን የያዛት ጾም ሳይሆን በሽታ እንደነበረ፣ ብዙ የተራበ ሰውነትም ምግብ በድንገት ሲበዛበት እንደሚጎዳ ከዚያ ወዲህ ሳይታክቱ አስተማሩ።

በ1952 ዓ.ም. ይህንኑ በስብሰባችን ሲያስረዱ አባላችን አቶ በየነ፣ «ዲንቄ፣ የቅቤ ገበያዬን ልትዘጊው ነው እንዴ?» አሏቸው። «ጋሼ በየነ፣ የተራበችው ልጅ መጀመሪያ ቀጭን አጥሚት በትንሽ በትንሹ ትቅመስ። ከዳነች ደንበኛዎ ትሆናለች፤ ከሞተች ማን ከእርስዎ ይገዛል?» ሲሉ መለሱላቸው። ቤቱ ሳቀ። አቶ በየነ ግን ዛሬ ቅቤ ሲሸጡ፣ ቤት ውስጥ እህል የራቀው ሰው እንዳለ ሳይጠይቁ አይመዝኑም።

በ1953 ዓ.ም. ነርስ ዲንቄ ሙስሊም እናቶችን ዞረው ጠየቁ። ከረመዳን በኋላም ወደ ገበታ መመለስ ያቃታቸው ልጆች አገኙ።

መልስ ሳያገኙላቸው የቀሩ ጥያቄዎች አሉ። አብረው ከጾሙ እኅትማማቾች አንደኛዋ ሲፈሰክ ስትበላ ሌላዋን ምን ያግዳታል? የጋብቻ ፍርሃት ነው፣ ሀዘን ነው፣ ወይስ በዘር የሚመጣ? ወንዶችስ ሕመሙን ደብቀውት ይሆን? የዳነችው እንዳያገረሽባት ምን ይደረግ? የታላላቅ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ይህን እንዲመረምሩ እንማጸናለን። ወደ ባሌ ለሚመጣ መርማሪ ማኅበራችን ማረፊያ፣ ቀለብና ኦሮምኛ የሚያስተረጉም ሰው ያዘጋጃል።

ፋሲካ ቀርቧል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት በግድ አያጉርስ፤ በቅቤም አያስፈስክ።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ሽቶ፣ ለወንድማቸው ለአቶ ጉተማና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ወይዘሮ ሽቶ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም ነበር። ነርስ ዲንቄ ያስታምሟት የነበረች ልጅም እሳቸው ካረፉ ጀምሮ አጥሚቷን ትታ ነበር። ትናንት ልጅቱ ለቅሶ ቤት መጥታ ከእናትየው አጠገብ ተቀመጠች። ወይዘሮ ሽቶ፣ «ልጄ፣ አንቺ ካልቀመስሽ እኔም አልቀምስም» አሏት። ከአንድ ኩባያ አጥሚት ተቀባብለው ጠጡ።

ዛሬም አብረው ይቀመጣሉ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ቦታ እንዲለቅላቸው፣ «ጨምሩ» ብሎም እንዳይጫናቸው አደራ እንላለን።