ውሃ ለተሞሉት የቀለም በርሜሎች እንድፈርም ስለመታዘዜ

ለተከበሩ የቀለም ፋብሪካችን የቦርድ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዓመታዊ ሪፖርታችን በየዓመቱ እያማረ እንዲሄድ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን እመኛለሁ፤ የእኔስ እንቅልፍ ከጠፋ ሰንብቷል። የመጋዘን ኃላፊዋ ነኝ። ነገ የውጭ ኦዲተሮች ለቆጠራ ይመጣሉ፤ እኔም ግማሾቹ ውሃ የተሞሉትን በርሜሎች ሁሉም ቀለም ናቸው ብዬ እንድፈርም በፋይናንስ ኃላፊያችን ታዝዣለሁ። በችኮላ ስለምጽፍ የፊደሎቼን መወላገድ ይቅር ይበሉኝ።

፩ኛ. ትርፉ ካላደገ ሥራ አስኪያጆቹ ቦነስ እንደማያገኙ በመወሰንዎ ከልብ እናመሰግናለን። ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ ትርፋችን ሊያድግ የቻለው፣ በርሜል ሞልቶ በቀለም ስም በሚመዘገበው በግቢያችን ቧንቧ ብርታት ነው።

፪ኛ. የፋይናንስ ኃላፊያችን ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ከፍለው፣ ራሳቸው መዝግበው፣ ትክክል ነው ብለው የሚያጸድቁትም ራሳቸው እንዲሆኑ ስለፈቀዱላቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበራቸውን ማንም እንዳይነካባቸው የዓመት እረፍት እንኳ ወጥተው አያውቁም፤ ሲያማቸውም እያሳሉ ይገባሉ። ወይ የሥራ ፍቅር! ለጥቂት ሳምንት ሌላ ሰው ቢተካቸው ኖሮ ጉዱ ሁሉ ይወጣ ነበርና፣ እንኳንም አላስወጧቸው።

፫ኛ. ሠራተኛው ያለ ፍርሃት ጥቆማ እንዲሰጥ ኮሪደሩ ላይ ሳጥን ማስቀመጥዎ፣ ቁልፉንም ለእኚሁ ኃላፊ ማስረከብዎ ልቤን ነክቶታል። እኔ ሞኟ ስሜን ሳልጠቅስ የበርሜሎቹን ነገር ጽፌ ከተትኩ። በማግስቱ ወረቀቴ ተጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ አግኝተውኝ የልጆቼን ደኅንነት በየስማቸው እየጠሩ ጠየቁኝ፤ ስማቸውን ነግሬያቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ልጆቼን እቆጥራለሁ። ታላቅ እህቴ አርፈሽ ፈርሚ ትለኛለች፤ ነገሩ የፈነዳ ዕለት ግን ወረቀቱ ላይ የሚገኘው ስም የእኔ ብቻ ነው። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል? እፈራለሁ፣ ጌታዬ፤ በጣም እፈራለሁ።

በትሕትና የምለምንዎም ያን ያህል የሚከብድ አይደለም፤ የሚገዛውና የሚመዘግበው ሰው ይለያይ፣ ኃላፊያችን እረፍት ይውጡ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ከእጃቸው ይውጣ፣ ኦዲተሮቹም ዘንድሮስ በርሜሎቹን ከደጅ ሆነው መቁጠሩን ትተው ክዳን ከፍተው ይዩ።

ከወገብዋ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳዎ፣ ለዛሬ ገና ያልታሰረችው፣
የመጋዘን ኃላፊዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ አልከተትኩትም፤ የግቢው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የበርሜሎቹንም ክዳን አንድ ሳላስቀር ከፍቻለሁ። ነገ ከኦዲተሮቹ ጋር ብቅ ቢሉ፣ ቢጠማዎት እንኳ ውሃ አይቸግረንም።