ሀያምን ከኬጂ ላስወጣ የሄድኩ ዕለት

ለልጄ ለኢልሀም፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽ የጁምዓ እረፍትሽን ይሰጡሻል ወይ? ካልሰጡሽ ጠይቂ፤ ዝም አትበይ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ከማለቱ በቀር ሌላ ችግር የለም።

አሁን ስለ ልጅሽ። እናትሽ ገና ማውራት ስትጀምር ስለምታለቅስ ሙሉውን ከእኔ ስሚ። ሀያም የማትሰማ ልጅ ሆና ከሚሰሙት ጋር ኬጂ መግባቷን አልወደድኩም ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። እሷንም እቤት አስተምራታለሁ፣ የሰው መሳቂያ አትሆንም ብዬ ቆረጥኩ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ላስወጣት ሄድኩ።

ገና አፌን ሳልከፍት ባለ ሱቁ ሳቢት ተነሣ። «ልጄ ኢምራን ውሃ ሲጠማው እንኳ በእጁ ማሳየት ጀምሯል፤ በኋላ አፉ ሊታሰር ነው። መምህርቷስ ለአንዷ ስትል ሌሎቹን መቼ ታስተምራለች? አባባ፣ ልጅቷን ይውሰዱልን» አለ። ጎረቤታችን ማሚቴ ደግሞ፣ «የእኔ ልጅ ጆሮ እያለው አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም፤ ተራ መጠበቅ የተማረው ከሀያም ጋር ነው» ስትል ቤቱ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። «ይውሰዱልን» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ታውቂኛለሽ፤ ልሄድ ተነሥቼም ቢሆን ሂድ ካሉኝ እቀመጣለሁ። «ላስወጣት መጥቼ ነበር፤ አሁን ግን አላስወጣም!» አልኩና አንዷን የሕፃናት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩባት። ስብሰባው ሲያልቅ እጄን ይዞ ከዚያች ወንበር ያነሣኝ ሳቢት ራሱ ነው።

መምህርት ሮሐ የሳቢትን ስጋት አላናናቀችም። ረዳት መምህር አስመደበች፤ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ይታይ ተባለ። እሱም ባለፈው ሳምንት አለቀ። ሀያም ትቀጥላለች። ኢምራንም አፉ አልታሰረም፤ እንዲያውም አባቱ «ዝም በል» እያለ ይጮህበታል።

ቅዳሜ ለት ኢምራን እኛ ቤት መጣ። ሀያም ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። ልጁ ኬጂ እንደለመዱት የሳሎኑን የጣውላ ወለል በእግሩ ደብደብ አደረገው። ንዝረቱ ሲደርሳት ዘወር አለችና ሮጠችለት። እኔ ስጠራት ትከሻዋን ለመንካት እየተነሣሁ ጉልበቴን ስጨርስ ኖሬያለሁ! አሁን በከዘራዬ ጣውላውን እመታለሁ፤ ትዞራለች። ስለዚህ ኬጂውን ትተው የሚል ነገር ከእንግዲህ ከማንም አልሰማም።

እናትሽ ዓሊማ፣ ወንድምሽ ሸፊም ሰላም ብለውሻል፤ ማሚቴም እንዲሁ። አብራሽ ለምትኖረው ለሊሚ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሀያም የምትልሽ ሰላምታ በወረቀት አይጻፍም። ጁምዓ በቪዲዮ ስንደውል በእጇ ትነግርሻለች። በእጅ መመለሻውን ከአሁኑ ተማሪ፤ ሲደወልም ሥራሽን አስቀምጠሽ እጆችሽን ባዶ አድርገሽ ጠብቂያት።

አባትሽ ኢስሐቅ
ጉለሌ፣ ሸጎሌ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.