የቡታጅራ ጥሬ ቦሎቄ

ቡታጅራ፣ ጥር 1996 ዓ.ም.

ፍቅርአዲስዬ፣ እንኳንም አብረሽኝ አልመጣሽ፤ አለቃችን ፊት ስቀሽ ትባረሪ ነበር!

ያ ከስኳር ጋር የሚጣበቀው፣ የታመመ ሴል የምንለይበት ፕሮቲን እናንተ ጋ በብልቃጥ ከውጭ ይገባል። እኔ ከዚህ ገበያ ቀይ ቦሎቄ አወጣዋለሁ አልኩ። ዘፍዝፌ ባሳድረው፣ ያረፍኩባቸው እትዬ ዘይባ ጠዋት ንፍሮ አድርገው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ጥሬው ሆድ ይቆርጣል!» እኔ የምፈልገው እኮ ያንኑ ሆድ ቆራጩን ነበር፤ እሳት ገደለው። የንፍሮውን ውሃ ደም ላይ ጠብ ባደርግ፣ ደሙ መጓጎል ሲገባው ምንም የለም። አለቃችን «ላብራቶሪና ማድቤት ለዪ እንጂ» ብሎ ተሳለቀብኝ።

«ጣትዎን ይስጡኝ» አልኩት። ሳይዘፈዘፍ የተረፈኝን እፍኝ ጥሬ ወቅጬ፣ በጨው ውሃ በጥብጬ አጠለልኩና ሁለቱንም በራሱ ደም ላይ ጎን ለጎን ጠብ አደረግኩ። የጥሬው ዓይኑ እያየ ጓጎለ፤ የንፍሮው እንዳለ ቀረ። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል? ሳቁን ዋጣት።

ወረቀቱ ጠበበኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ የላብራቶሪ ልጆችን ሰላም በዪልኝ። ሪፖርቱ ላይ ማነጻጸሪያውን የቀቀሉልኝን የእትዬ ዘይባን ስም ከስሜ ጎን ጽፌዋለሁ፤ የሚሰርዝ ወንድ ካለ ይምጣ!

ባሂራ