ማንንም ሳልለምን ያረፍኩበት ሰዓት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ለአንድ ሰዓት ያህል አያ ሀብታሙ መሞቱን ረሳሁት። ወንድሜ ነው፤ አርባው እንኳ ገና አልወጣም። እዚህ የምጽፈው ለሰው የሚነገር ስላልሆነ ነው።

አባባ ጃኬቱንና ጫማውን እንዳመጣ ይሠራበት ወደነበረው ሎጅ ላከኝ። ጃኬቱን ለብሼ፣ ጫማውን አንጠልጥዬ ስወጣ እንግዶቹ ሣሩ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ዮጋ ይሠራሉ። የምታሠራቸው ሰብለ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጃኬቱን አይታ አወቀችኝ። "የሀብታሙ ወንድም ነህ አይደል? እሱም ሥራ ሲጨርስ ከኋላ መጥቶ ይቀላቀለን ነበር። ና፣ ተቀመጥ" አለችኝ። እንቢ ማለት አፈርኩ።

እጅ ወደ ላይ። ጎንበስ። ቀና። ትንፋሽ ማስገባት፣ ማስወጣት። መጨረሻ ላይ በጀርባችን ተኛን። የዚህኛው ስም "ሬሳ" ነው አለች። ያን ስሰማ ተነስቼ ልሄድ ነበር፤ አልሄድኩም። ትንፋሼን አዳመጥኩ፤ ቆይቶ እሱንም ተውኩት። ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ታወቀኝ። ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ እማ መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። "ቆየህ" አለችኝ። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ጠፍቶባቸው ነው አልኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ በኋላ አባባ የንስሐ አባታችንን መምሬን አነጋገራቸው። የሚመጣው እሑድ አርባው ነው፤ ዲያቆን ሆኜ የምገባው እኔ ነኝ። "ወንድሙ እያለ ሌላ ማን ይቆምለታል" አለ። ከቤታችን ድቁና የተቀበልኩት እኔ ብቻ ነኝ። አባባ ከቀብሩ ወዲህ ቀና ብሎ ሲናገር ያየሁት ዛሬ ነው።

እኔ ግን ደጁን ለመሳለም ጎንበስ ስል ትንፋሼን አስወጣሁ፣ ቀና ስል አስገባሁ። ሳላስበው። ያየኝ ሰው ካለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እንደገና ሄድኩ። ለአባባ ጥናት አለን አልኩት።

ሲያልቅ ለሰብለ ዲያቆን መሆኔን ነገርኳትና "ይሄ ግን ስፖርት ነው አይደል?" አልኳት። አዎ እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት።

"አዎ ብልህ ይቀልህ ነበር። ግን አልዋሽህም" አለች።

ህንድ አገር የጀመሩት ሰዎች ዓላማቸው ጀርባ ማፍታታት አልነበረም አለችኝ። አካል ሲረጋ ትንፋሽ ይረጋል፤ ትንፋሽ ሲረጋ ሐሳብ ይረጋል። ሐሳብ ከረጋ በኋላ ሰው ሥጋውም ሐሳቡም ያልሆነ፣ የማይሞት ነገር በውስጡ ያያል፤ ከሥቃዩ የሚፈታውም ያን ጊዜ ነው ይላሉ። አንዳንዱ ከፈጣሪ ጋር መገናኘት ይለዋል፤ አንዳንዱ ፈጣሪን ሳይጠራ ያደርገዋል። ስሙ ራሱ መጥመድ እንደማለት ነው አለች፤ ቀንበር ሁለቱን እንደሚያገናኝ።

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔ ቤተ ክርስቲያንም እሄዳለሁ፣ ይሄንንም እሠራለሁ። ውስጤ ሁለቱ የሚጣሉበት ቀን አለ።"

"አያ ሀብታሙስ ምን ይል ነበር?"

"እሱማ ገና ሲተኛ ነው የሚያንኮራፋው።"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ቀንበር ሲባል እኔ የማውቀው የቤታችንን በሬዎች ነው። አብሮት የሚጠመደው የሞተበት በሬ ብቻውን ሲለቀቅ እንኳ የመንገዱን ግማሽ ለሌላው ትቶ ነው የሚሄደው። ወደ ቤት ስመለስ የመንገዱን ዳር ይዤ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የክፍሌ ልጅ ተመስገን ትናንት ከመንገድ ላይ አይቶኛል።

"ዲያቆን፣ ህንድ ገባህ አሉ" አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። "እሑድ በአንድ እግርህ ቆመህ ነው የምትቀድሰው ወይስ በጭንቅላትህ?"

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አይደለሁም አልኩ።

"ጃኬትህን አውቀዋለሁ።"

"ጃኬቱ የሀብታሙ ነው።"

"እንግዲያው ሀብታሙን ነዋ ያየሁት።"

ተመስገን ራሱ ደነገጠ፤ በእረፍት መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ የሚገባው ግን ለእኔ አልነበረም። የሞተ ወንድሜን ከፊቴ አቁሜ የተደበቅሁት እኔ ነኝ።

የማፍርበት ነገር ብዙ ነው። ዋሸሁ። ሳቅሁ። ሬሳ እንደሚተኛ ተኝቼ ደስ አለኝ። የሚብሰው ግን ሌላ ነው። አያ ሀብታሙ ከኩልመስክ ሲመጣ መኪናው ተገልብጦ ሆስፒታል የገባ ጊዜ አድነው ብዬ ለመንኩ። ከሞተ ወዲህ ደግሞ ነፍሱን ማርልን እያልኩ እለምናለሁ። መለመን ደክሞኛል። እዚያ ሣር ላይ ማንንም ሳልለምን አረፍኩ። በዚህ ልብ መቅደስ እንዴት እገባለሁ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

መምሬ ጋ ሄድኩ። የጓሯቸውን አጥር በእሾህ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሁሉንም ተናገርኩ።

"ለማን ሰገድህ?" አሉኝ።

"ለማንም አልሰገድኩም አባቴ። ተኛሁ።"

"ለመተኛት ነው ሎጅ ድረስ የሄድኸው?"

ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ አልገባኝም። መለመን ደከመኝ ስላቸው ግን እሾሁን መሬት አስቀመጡ። ሰብለ ያለችኝንም አስረዳኋቸው።

"ሐሳብን ማርጋት ለእኛም አዲስ አይደለም" አሉ። "መናንያኑ ዕድሜያቸውን የሚደክሙበት ነው። እኛ ግን ዝም የምንለው የሚያናግረንን ልንሰማ ነው። አንተ ወደ ማን እንደምትሄድ ሳታውቅ መንገድ ጀመርህ።" ከዚያ እሾሁን መልሰው አነሱና "እሑድ መቅደስ አትገባም" አሉኝ።

ይህን እንደሚሉኝ ጠብቄ ነበር። ቢሆንም ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

"አባባን ምን ልበለው?"

"መምሬ ከለከሉኝ በለው። መለመን ከደከመህ ከሕዝቡ ጋር ዝም ብለህ ቁም።"

ለአባባ ነገርኩት። ከብቶቹ ገብተው ሳለ ከብት ላስገባ ብሎ ወጣ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ውጭ ቆምኩ። ሕዝቡ ስለበዛ ቅጥሩ ውስጥ ነበርን፤ እማ በሴቶቹ በኩል ዳር ላይ፣ እኔ በወንዶቹ በኩል ዳር ላይ፣ ጎን ለጎን። በእኔ ቦታ የገባው ከአሸተን ማርያም የመጣ ዲያቆን ነው። ድምፁ ከእኔ ያምራል። አክስቴ "ምነው፣ ይሄ ልጅ ለወንድሙ አይቀድስም እንዴ?" ስትል ሰማኋት። አንገቴን ደፋሁ።

የአያ ሀብታሙ የክርስትና ስም ተጠራ። ውስጥ ብሆን ኖሮ መስቀል ወይ መጽሐፍ ይዤ፣ ቀጥሎ የምለውን እያሰብኩ ነበር የምሰማው። ውጭ ግን እጄ ባዶ ነበር። አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ሕዝቡ ሲመልስ አፌ አልከፈት አለኝ። የእማ ድምፅ ከልቅሶው ብዛት ተዘግቷል፤ እሷ ግን አንዱንም አላለፈችም።

ስንወጣ "ዝም ብለህ ነው ያስቀደስኸው" አለችኝ።

"ደክሞኝ ነው እማ።"

"አውቄያለሁ። ያንተንም ብዬልሃለሁ።"

እንግዶቹ ነገ ይሄዳሉ፣ ሰብለም አብራ። ልሰናበታት ልሂድ አልሂድ አልቆረጥኩም። አባባ እስካሁን አላናገረኝም። ማታ ግን ነገ ከሰዓት የገብሱን አጨዳ እንደሚጀምር ለእማ ሲነግራት "ከልጁ ጋር" ሲል ሰምቻለሁ።