ለድልድዩ ዋስ ይጥሩ

ሐሙስ፣ ግንቦት 29

ዛሬም ጫማዬን በእጄ ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ውሃው ገና ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም፤ ድንጋዮቹ ግን ያዳልጣሉ። ከፀነስኩ ስምንተኛ ወሬ ነው። አንዱ እጄ ሆዴ ላይ፣ ሌላው ጫማና የተማሪዎች ደብተር ይዟል። ሚዛን የምጠብቅበት ሦስተኛ እጅ አልተሰጠኝም።

ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የሰበታ ምክር ቤት ምርጫ እሑድ ነው። ለእኛ ሰፈር አንድ መቀመጫ፣ ሁለት ተወዳዳሪ። ገልብጬዋለሁ፦

አቶ ዘውዴ፣ ባለ ወፍጮው፦ የቦኖ ውሃ፣ የገበያ መጠለያ፣ የመንገድ መብራት፣ ድልድይ።
ግራዝማች ወልዴ፣ ባለ ባሕር ዛፉ፦ የቦኖ ውሃ፣ ቄራ፣ የመቃብር አጥር፣ ድልድይ።

ድልድይ ሁለቱም ጋ መጨረሻ ላይ ነው። ባለፈው ምርጫም መጨረሻ ላይ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ።

ዓርብ፣ ግንቦት 30

ባሌን ታደሰን ማንን እንደሚመርጥ ጠየቅሁት። «እስቲ እናያለን» አለኝ። ቤቱ በስሙ ስለሆነ መራጩ እሱ ነው። እኔ የሰውን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ እንጂ ወረቀት አልጥልም።

ማንም ስለማያነበው እዚህ ልጻፈው። ፈርቻለሁ። ካቻምና ነሐሴ ምጥ ሲይዘኝ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ጉተማ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመውኝ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሙ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የክሊኒኩ ጣሪያ ማዶ ይታየኝ ነበር። ስንሻገር ጊዜው አልፏል። ሴት ነበረች።

ታደሰ ክረምቱን ከተማ ውስጥ አክስቱ ዘንድ ግቢ ይለኛል። ሰባት ሰው በአንድ ክፍል ይኖራል። እኔ ስምንተኛ፣ የሚወለደው ዘጠነኛ ልንሆን ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 1

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳው ልጻፈው።

ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ገበያው ዳር ሾላው ሥር ንግግር አደረጉ። መጀመሪያ አቶ ዘውዴ። ላቡን እየጠረገ ቦኖውን ተከለ፣ መብራቱን አበራ፣ ድልድዩንም ዘረጋ። ሊቀመጥ ሲል ኦቦ ጉተማ ከኋላ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አቶ ዘውዴ፣ እኔ በሬ ስገዛ እንኳ ዋስ እቀበላለሁ። ለድልድዩ ዋስ ይጥሩ» አሉት።

ሰው ሳቀ። አቶ ዘውዴም ሳቀና «ለምርጫ ዋስ የሚጠራው የት አገር ነው?» አለ።

«ባለፈው ያለ ዋስ ሰማን። ድልድዩ ይኸው የለም።»

ሳቁ ቆመ። አቶ ዘውዴ ግራ ቀኝ አየና ከነገሩ በቀልድ ሊያመልጥ «እንግዲያው ዋሴ ግራዝማች ወልዴ ናቸው» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ግን አልሳቁም። ተነሥተው ኩታቸውን አስተካከሉ።

«ዋስ ነኝ። እሱ ቢመረጥና ባይሠራ እኔ እሠራለሁ። እኔ ብመረጥ ደግሞ ዋሴ ዘውዴ ነው።»

አቶ ዘውዴ ምን ይበል? ሕዝብ ፊት ነው፤ እሺ አለ። ኦቦ ጉተማ ሦስት ሽማግሌ ምስክር ቆጥረው ተቀመጡ። ታደሰ እስከ ቤት ድረስ ብቻውን እየሳቀ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 2

ታደሰ መርጦ መጣ። ማንን እንደሆነ አልተናገረም። ከሰዓት ዘነበ። ውሃው ቅልጥሜ ድረስ ደርሷል።

ሰኞ፣ ሰኔ 3

አቶ ዘውዴ አሸነፈ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ከትምህርት ቤት ስወጣ ወፍጮ ቤት ጎራ አልኩ። እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ስለ ድልድዩ ጠየቅሁ። ፊቱ ዱቄት ለብሷል፣ ደግሞም ደስ ብሎታል።

«አልረሳሁትም፣ መምህርት። ክረምቱ ይውጣ፣ በጀት ይያዝ፣ መስከረም ሲጠባ እንጀምራለን።»

ክረምቱ ከወጣማ ወንዙን ማን ፈራው? ልለው የሚገባኝ ይህ ነበር። ያልኩት ግን «እሺ» ነው። መንገድ ላይ በራሴ ተናድጄ አለቀስኩ።

ወንዙ ዳር ኦቦ ጉተማ በሬያቸውን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። «አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ብለው እንዴት እንደዋልኩ ጠየቁኝ። ዓይኔን አይተው ደግሞ «ምን ሆነሽ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ምንም አልተቆጡም።

«ዋሱ አለ አይደል? ነገ አቦ ነው፣ ሥራ የለም። እንሄዳለን።»

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ታደሰ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄዶ ነበር። የነገረኝ ይህ ነው። ግራዝማች ከተሸነፉ ጀምሮ ከደጅ አልወጡም። ሽማግሌዎቹን ሲያዩ «የመረጣችሁት ሰው ይሥራላችኋ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ኦቦ ጉተማ «ወደ ተመራጭ አልመጣንም፣ ግራዝማች። ወደ ዋስ ነው የመጣነው» አሉ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ፣ ጠላ ቢቀርብ እምቢ። መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ግራዝማች ወደ ባሕር ዛፋቸው አዩ፣ አለ ታደሰ። ከዚያ «ስንት ግንድ ይበቃል?» አሉ።

ታደሰ ሲያወራ አመለጠው፤ የመረጠው እሳቸውን ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

እያስተማርኩ ከግራዝማች ጫካ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ሀሁ ሳስቆጥር አንድ ግንድ ሲወድቅ ልጆቹ በሙሉ ዞሩ። እኔም ዞርኩ።

ገና ያላየሁትን ነገር ተስፋ ማድረግ አልፈልግም። ግን ዞርኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ደቦ ተጠርቶ ግንዶቹን በበሬ እየጎተቱ አወረዷቸው። በሁለቱም ዳር የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ረፋዱ ላይ አቶ ዘውዴ አንድ ጆንያ ሚስማርና አራት ሠራተኛ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። «ተመራጩ እኔ፣ ድልድዩን የሠራው ተሸናፊው ሊባል ነው?» አለ። ግራዝማች ሚስማሩን እያገላበጡ አይተው «ወፍራም ነው፣ ይሆናል» አሉ እንጂ ሌላ አልመለሱለትም።

ከሰዓት ሁለቱ ስለ ድልድዩ የእጅ መደገፊያ ተጣሉ። ግራዝማች አያስፈልግም፣ ከብት መደገፊያ አይይዝም አሉ። አቶ ዘውዴ ማማሩን አይቶ ነው መሰለኝ ይኑረው አለ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ «እኔ ግን እይዛለሁ» አልኩ። ወንዶቹ ሁሉ ወደ ሆዴ አዩ። ግራዝማች ጎንበስ ብለው ቀጭን ግንድ መምረጥ ጀመሩ።

በሕይወቴ ድምፄ የተቆጠረበት ምርጫ ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ነገ ሚካኤል ስለሆነ ዛሬ ማለቅ ነበረበት። አለቀ። መጀመሪያ የኦቦ ጉተማ በሬ ተሻገረ፣ ከዚያ ሰዉ። እኔ አልተሻገርኩም። ውሃ ያልፈተነውን ድልድይ እግሬ እምቢ አለ። ታደሰ ተቆጣኝ፤ እውነቱን ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ትናንት ለሚካኤል የዘነበው ዝናብ እስከ ማታ አላባራም። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሆኜ የወንዙን ጩኸት ሰማሁ። የካቻምናው ድምፅ ነው። ጫማዬን አድርጌ ወረድኩ።

ውሃው ቀይ ሆኖ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ድንጋዮቹ የሉም። ድልድዩ አለ። መካከሉ ላይ ግራዝማች ወልዴ ቦት ጫማ አድርገው ቆመዋል፤ እያንዳንዱን ግንድ በእግራቸው እየረገጡ ይፈትሻሉ። ሲያዩኝ መጥተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አንድ እጄን ሰጠኋቸው፣ በሌላው መደገፊያውን ያዝኩ። ሆዴን የሚይዝ አልነበረም፣ አላስፈለገም። አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው።

ማዶ ስንደርስ «እኔ እኮ የካቻምናውን የሰማሁት አሁን ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጉተማ ነገረኝ። እንግዲህ ዋስነቴ ወርዷል?»

«አልወረደም፣ ግራዝማች» አልኳቸው። «ለመውለድ ስሄድ እሻገረዋለሁ። ልጄን ታቅፌ ስመለስበት ያኔ ይወርድልዎታል።»

ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «እንግዲያው ክረምቱን ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣሁ አየዋለሁ» አሉ።

ክፍል የገባሁት በደረቅ ጫማ ነው።