ዋርካው የነበረበት ቦታ

ሰይዴ፣ የኔ ሰው፤

አካም ጅርታ? በኦሮምኛ ሰላም ያላለኝን ሰው ወሬ አልሰማም ትል ስለነበር ነው በዚህ የጀመርኩት። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ እያልኩ ዱአ ሳደርግ ብከርምም፣ ሆዴ ግን ቂም ይዞብህ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህም ስለዚሁ ቂም ነው።

ቤቱ ደህና ነው። በርጩማህን ድመቷ ወርሳዋለች፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ታኮርፋለች። ልጃችን ራህማ ደሴ ከተማ አስተማሪ ሆናለች። ተረት የቀዳህባቸውን ካሴቶች ወስዳ እያዳመጠች ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ተረት የአባዬ ሳል ይበዛል ብላ አሳቀችኝ።

ምን ዓይነት ሰው ነበርክ ግን! የአገራችንን የጨፋን ተረትና ዘፈን ስታጠና ዕድሜህን ጨርሰህ፣ አንዱንም ቤት ተቀምጠህ መስማት እምቢ አልክ። ነገሩ ሆነ ከተባለበት ቦታ ካልቆምኩ አይገባኝም ትል ነበር። በተጋባን ሰሞን ሌላው ሙሽራውን ዘመድ ቤት ሲያዞር፣ አንተ እኔን ቦርከና ዳር ረግረግ ውስጥ ገተርከኝ። አንድ ሽማግሌ ረግረጉ ስለዋጣት ሙሽራ እዚያው ቆመው እንዲነግሩን ነበር። እሳቸው ሲጨርሱ የግራ እግር ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። አንተ ጫማውን ከመፈለግ ይልቅ፣ አየሽ ታሪኩ እውነት ነው ብለህ ተንከተከትክ። እኔም እያነከስኩ፣ እየረገምኩህም እየሳቅኩም ቤቴ ገባሁ።

ያው አመልህ ነው አንተን የወሰደብኝ። ደረትህን እያመመህ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስለምንህ፣ የግመል ዘፈን የሚያውቁ አዛውንት ከቆላ ወጥተዋል ብለህ ባቲ ገበያ ሄድክ። ዘፈኑን ይዘህ መጣህ፤ ሳምንት ሳትቆይ ቀበርንህ። ለሰው አልተነፈስኩም እንጂ፣ ከኔ ዘፈን መረጠ እያልኩ ስቃጠል ኖርኩ።

ወደ ጨፋ ሮቢት ስንሄድ የምናልፈው ዋርካ፣ ያ ቂም የያዘ ሰው በሥሩ አያልፍም የሚባለው፣ አንተ ካለፍክ በኋላ መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠ። የተጣሉ ሰዎች ወይ እዚያው ታርቀው ያልፉ ነበር፣ ወይ በወንዙ በኩል ይዞሩ ነበር። ሊቆረጥ ነው የሚል ወሬ ገና ሲሰማ፣ ዛፉ ቢሄድ ቦታው አይሄድም ብለኸኝ ነበር። እኔም ጥላ የሌለው ዋርካ ምን ሊረባ ብዬ ሳቅኩብህ። ሲቆረጥማ፣ እንኳን ተገላገልኩ፣ ቂሜን ይዤ እንደልቤ አልፋለሁ አልኩ።

ባለፈው የገበያ ዕለት ባጃጅ ውስጥ በሁለት ሴቶች መሐል ተቀመጥኩ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከከሚሴ ጀምሮ አንዷ በግራ ሌላዋ በቀኝ ፊታቸውን አዙረው አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ዋርካው የነበረበት ስንደርስ ታላቅየዋ አውርደኝ አለችው። ሹፌሩም፣ እትዬ እዚህ እኮ ምንም የለም አላት። ዛፉን ቆረጡት እንጂ ቦታውን ማን ቆረጠው፣ ቂም ይዤ አላልፍም አለችው።

ሱብሃነላህ! ያንተን ቃል አንተን አይታህ ከማታውቅ ሴት አፍ ሰማሁት። ሌላዋም ተከትላት ወረደች። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አንዲት ቅጠል በሌለበት፣ አፉ በይኝ ተባባሉና አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው። ዕድሜህን ሙሉ ስትከተለው የኖርከውን ነገር ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ትልቅ ነው ሰይዴ። ፈራሁት።

ሴቶቹ ሲሳፈሩ እኔ ወረድኩ። ሹፌሩ፣ እርስዎ ደግሞ ከማን ተጣልተው ነው አለኝ። ከባሌ ጋር አልኩት።

አፉ ብዬሃለሁ፣ የኔ ሰው። አንተም አፉ በለኝ። ከእንግዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ ሰላም እልሃለሁ። ራህማ ለዒድ ስትመጣም ይህን ሁሉ ቤት ተቀምጬ አልነግራትም፤ ወስጄ እዚያው አቆማታለሁ።

ባለ አንድ ጫማዋ ዘሐራህ