እህት የለኝም ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የማስታወስ ችሎታዬ እየከዳኝ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ከኩርፊያ እንዳትቆጥሪው።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ወደ ሥራው ተመለሰ? እኔ በሰውነቴ በኩል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ደረጃውንም ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ወደ ሕንፃችን መጣች። የምታጠናውም፣ ሰው ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ ሲቸግረው ማንን እንደሚጠራ ነው። ነዋሪውን ሁሉ ትጠይቅና ማን ማንን እንደጠቀሰ ታስተያያለች። እኔም እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል መለስኩላት። ያስተማርኩበትን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ጠቀስኩ። ወንድም ወይም እህት አለዎት ወይ ስትለኝ፣ ለእናቴ አንድ ነኝ አልኳት። አላመነታሁም።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ኮቴን ጠግኖ ሊመልስልኝ መጥቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቀልድ መስሎት ሳቀ። መምህር፣ እሑድ እሑድ በስልክ የሚጨቃጨቁት ታዲያ ከማን ጋር ነው? እኔንም እኮ አልጠሩኝም፤ ሞቼ ከሆነ ይንገሩኝና ሱቄን ልዝጋ አለኝ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። ቀስ ብሎም፣ የጠሯቸውን ሁለቱንም አብረን ቀብረናቸዋል እኮ አለኝ።

ልጅቷ ልታጽናናኝ ሞከረች። ይህ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ ሰው የቅርቡን ይረሳል፣ ጥናታችንን ከሚያዛቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፣ አንዱ የዘለለውን ሌላው ሲጠቅሰው እናቃናዋለን አለች። እውነትም ልብስ ሰፊው ከሁሉ አስቀድሞ የጠቀሰው እኔን ኖሯል። አንቺን ግን በዚህ ሕንፃ ማን ይጠቅስሻል? ልጅቷ በኋላ ከዝርዝሩ ጨምራሻለች፤ እሱ ነገራት እንጂ እኔ አላስታወስኩሽም። ከጎኑ ሰምቶ ለሚመልስ ተማሪ እኔ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም።

ሐኪሙም የሚሻሻል ነገር እንዳልሆነ ሳይደብቅ ነግሮኛል። አሁን ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምፈልገው አንቺን ነው። ዛሬ አገኘሁሽ፤ ነገን እንጃ።

ባለቤትሽን፣ ትልቋን ልጅሽን፣ መንትዮቹን፣ አማትሽንም ሰላም በይልኝ። የዘለልኩት ሰው ካለ መዘለሉን አትንገሪው፤ ሰላም ብሎሃል በይው።

ከወገናችን ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ጽፈሽ ላኪልኝ። ጎረቤቴን ደግሜ ለመጠየቅ አፍሬያለሁ፤ በስልክ የነገርሽኝም ይጠፋብኛል። የእጅ ጽሕፈትሽን ገና ለይቼ እያወቅኩት ሳለሁ፣ እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

ወንድምሽ

ከቤቴ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን